ቱሊኪ ከቢላዬ ያስጣለቻቸው ወገቦች

ጓደኞቼ፣ ኬኩ አይሸሽም፤ ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን አውሱኝ። ፓቮ፣ አንተም ስማኝ። ሚስትህን ዛሬ ጠቅልለህ ልትወስዳት ነው፤ ከመውሰድህ በፊት ማንን እንደምትወስድ ልንገርህ።

ቱሊኪ፣ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ «አንቱ» ልበልሽ ብዬ አስቤ ነበር። ሰው በጡረታው ቀን ይከበራል በሚል ቤቴ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው አለችኝ። ስለዚህ እንደ ወትሯችን አንቺ እያልኩሽ እቀጥላለሁ።

የማታውቁኝ አዲሶች ካላችሁ፣ ኢልሞ እባላለሁ፤ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነኝ። የእኔ ሥራ ወገብ መክፈት ነው። የቱሊኪ ሥራ ደግሞ እኔ እንዳልከፍት ማድረግ ነው። የቅጥር ወረቀቷ ላይ «ፊዚዮቴራፒስት» ይላል፤ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት ግን ይህንኑ ነው።

የመጣችበትን ቀን ከእኔ በቀር በደንብ የሚያስታውስ እዚህ ያለ አይመስለኝም። የማልረሳበትም ምክንያት አለኝ። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ የወረደበት ሰኞ ነበር። እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ጀማሪ ሐኪም ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ከወንድሜ ጋር የሳውና መታጠቢያችንን ምድጃ፣ ያውም የብረት ምድጃ፣ ተሸክመን ዳገት ወጥተን ነበርና ሰኞ ጠዋት ወገቤ እንደ ማጭድ ታጥፎ ነው ሥራ የገባሁት። ግድግዳውን ተደግፌ በኮሪደሩ ስሄድ አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ ክርኔን ያዘችኝ። የት እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ከመቼ ጀምሮ አለችኝ፤ ከቅዳሜ አልኳት። ከዚያ የለበስኩትን ነጭ ጋዋን አየችና ከየት እንዳነሳሁት ጠየቀችኝ።

ሐኪም መሆኔን ነገርኳት። እሷም ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ፣ «እሺ የኔ ዶክተር፣ አሁን በጀርባህ ተኛ» አለችኝ።

ተኛሁ። ምን ላድርግ? ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሳስጠጋ፣ ዳሌዬን ሳነሳ፣ እንደ ድመት ጀርባዬን ሳጎብጥና ሳቀና ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ፣ ዶክተር ኢልሞ፣ ዶክተር ሬይኖ ኦፕራሲዮን ክፍል እየጠበቁህ ነው አለችኝ። ዶክተር ሬይኖ ነፍሳቸውን ይማርና ያኔ አለቃችን ነበሩ፤ የዚያን ዕለት የማግዛቸውም ወገብ ሲከፍቱ ነበር። ቱሊኪ ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «በዚህ ወገብ የሰው ወገብ ልትነካ ነው?» አለችኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወገቤ ተሻለው።

ያን ጊዜ ወገቡን ያመመው ሰው የሚታዘዝለት አልጋ ነበር። ተኛ ይባላል፣ ይተኛል፤ እየተኛም ይደክማል፤ ሲደክም ሕመሙ ይብሳል፤ ሲብስበት እኛ ቢላ እንስላለን። ቱሊኪ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ዶክተር ሬይኖ ለጉብኝት ሲመጡ ሦስት አልጋ ባዶ ሆኖ አገኙ። ሕመምተኞቹ የተገኙት ምድር ቤት፣ ቡና ቤቱ ውስጥ፣ ከቱሊኪ ጋር ቆመው ቡና ሲጠጡ ነው። ሽማግሌው በንዴት ፊታቸው ቀላ፤ ቢሮ አስጠሯት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው፣ በዓመቱ ሽማግሌው ራሳቸው በየአልጋው እየዞሩ «ተነሥና ሂድ፣ ያቺ ሴትዮ ሳትመጣ» ይሉ እንደነበር ነው።

አመሏን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ሳለች ሁላችንም ቀጥ ብለን እንቀመጣለን፤ እሷ ግን መቀመጥ ራሱን ስለማትወድ ቀጥ ማለታችን ምንም አይጠቅመንም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የሰው እርምጃ ሰምታ የትኛው እግሩ እንዳመመው ትናገራለች። የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲ ሲያነሱ ካየች የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር አቋርጣ አነሣሣቸውን ልታርም ትሮጣለች። በዶክተር ሬይኖ ቀብር ላይ እኔ ከሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነበርኩ። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው እኛ ለማንሣት ጎንበስ ስንል ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ከጉልበታችሁ እጠፉ፣ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት ትላለች። እኛ ደነገጥን። የሟች ባለቤት ግን ከዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ሳቀች። በኋላ እንደነገረችኝ ሬይኖ ይህን ቢሰማ ከሣጥኑ ወጥቶ ይከራከራት ነበር።

ሰኞ ሰኞ የሕመምተኞችን ፊልም የምናይበትን ስብሰባ ደግሞ ማን ይረሳዋል? ኤምአርአዩ ግድግዳው ላይ ይበራል፤ እኔ ጣቴን እቀስራለሁ፤ ይኸውላችሁ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ወጥቷል እላለሁ። ቱሊኪ ከኋላ ሆና ሰውየው ማን ይባላል፣ ምን ሠርቶ ነው የሚያድረው፣ ቤቱ ደረጃ አለው ወይ ትላለች። እኔ ስለ ፊልሙ ሳወራ እሷ ስለ ሰውየው ታወራለች። አንዴማ የራሴን ወገብ ፊልም ስሙን ሸፍና አምጥታ ከሌሎቹ መሃል ቀላቀለችው። እኔም በሙሉ ልብ፣ ይህ ሰው ኦፕራሲዮን ሳያስፈልገው አይቀርም አልኩ። ሰውየው ግን ባለፈው እሑድ አርባ ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ተንሸራቶ የዋለ ነው አለችን። ያን ቀን ከዲስክ መውጣት ጋር በሰላም የሚኖር ስንት ሰው እንዳለ ለሁላችንም ገባን። እኔ የገባኝ ግን ለሦስት ቀን ካኮረፍኩ በኋላ ነው።

ካውኮ የሚባለውን ከብት አርቢ ላንሣ። አምሳ ላሞች አሉት፤ ሕመሙ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል፤ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የሣር ማጨጃው ወቅት ሳይደርስ ቁረጡልኝ አለን። እኔ ቢላዬን ልስል ስል ቱሊኪ ስምንት ሳምንት ስጡኝ አለች። እግሩ አልደከመም፣ ሽንቱን ይቆጣጠራል፣ እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል ብላ ተከራከረችኝ። እልህ ያዘኝና ሰጠኋት። እሷም መኪናዋን አስነሥታ በረቱ ድረስ ሄደች፤ ሲያልብ እንዴት እንደሚጎነበስ አየች፤ የመኖውን ከረጢት እንዴት እንደሚያነሣ አየች፤ ማስታገሻውን በምን ሰዓት ቢወስድ ሥራ እንደሚቀለው አብራው አሰላች። ጠዋትና ማታ ከላሞቹ ጋር እስከ ሐይቁ እንዲራመድ አዘዘችው። በስምንተኛው ሳምንት ካውኮ በእግሩ መጣ። ሚስቱ ዓሣ ከውስጡ ከታ የጋገረችውን ትልቅ ዳቦ አቅፏል። እኔ እጄን ዘረጋሁ። እሱ አልፎኝ ሄዶ ለቱሊኪ ሰጣት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ዶክተር፣ አይክፋህ፤ አንተም መልካም ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

ግን ቢላ ጠል ናት የሚላት ካለ አያውቃትም። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ የአከርካሪዋ ቦይ ጠቦ ነርቮቹን ስለጨመቃቸው ከቤቷ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቀመጥ ነበር። ቱሊኪ ወራት ደከመችላት። ሳይሆን ሲቀር ክንዷን ይዛ ቢሮዬ አመጣቻትና፣ ይህቺን የእኔ እጅ አልደረሰላትም፣ ተራው ያንተ ነው አለችኝ። ተሸንፌያለሁ የሚል ፊት አልነበራትም። የት ድረስ የእኔ፣ ከየት ወዲያ ያንተ የሚለውን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

በእኔ በኩል አንድ በሽታ ነበረብኝ፤ የዚህ የሳቮ አገራችን ሰው በሽታ። ሕመምተኛ እድናለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ እንደ አያያዙ ነው እል ነበር። እናንተም ያው ናችሁ፣ አትሳቁ። ቱሊኪ በዚህ ስንት ጊዜ በር ዘግታ ተቆጥታኛለች። ሰውየው ፈርቶ ነው የጠየቀህ፣ የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም በል ትለኝ ነበር።

አሁን ፈቃድ የጠየቅኳትን ነገር ላወራ ነው። ትናንት ደውዬላት ያን ታሪክ ላንሣው ወይ ስላት ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለችኝ። እሺ ማለቷ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በረዶው ከሐይቁ በለቀቀ ሳምንት፣ ይህቺ ባልዲ ለሚያነሡ የምትሮጥ ሴት፣ ብቻዋን፣ ወገቧን ጠምዝዛ፣ የእንጨት ጀልባ ወደ ውሃ ጎተተች። ፓቮ ቡና እስኪያፈላ መጠበቅ አቅቷት ነው። ሕመሙ በቀኝ እግሯ ወረደ። ለማን ነገረች? ለማንም። ራሷን በራሷ አከመች፤ ተራመደች፣ ማስታገሻ ዋጠች፣ እንቅስቃሴዋን ሠራች። ሲብስባት የሕመም ማስታገሻ ክፍሉን ባልደረባችንን በምስጢር አስምላ ነርቭ ሥር መርፌ ተወጋች። ተሻላትም፤ አምስት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሄደች።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በኮሪደሩ የሚሄድ እርምጃ ሰማሁ። አንዱ እግር በወጉ ያርፋል፤ ሌላው መሬቱን በጥፊ ይመታል። እርምጃ ማዳመጥን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ወጥቼ ሳይ እሷ ነች። ጫማው ሰፍቶኝ ነው አለችኝ። በተረከዝሽ ብቻ ሂጂ አልኳት። ሞከረች። የቀኝ እግሯ ጣቶች ከመሬት አልተነሡም።

በዚያው ቀን ፊልም ተነሣች። ከዲስኩ የተቆረሰ ቁራጭ ነርቩ ላይ ተቀምጧል። ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ አብረን እንጠብቅ ነበር፤ ጡንቻ ሲደክም ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ቢሮዬ ገብታ ቆመች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ ቢሮ ውስጥ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኢልሞ፣» አለችኝ፣ «ስንት ዘመን ሰውን አትፍራ ስል ኖርኩ። ምን ያህል ባዶ ቃል እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።»

እኔም ፈርቼ ነበርና ሌላ ከተማ ያለ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ጋር ልላክሽ አልኳት። ወዳጄ ላይ እንዳልሳሳት ሰጋሁ። እሷ ግን የማውቀውን እጅ ነው የምፈልገው አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«እግሬ ባይመለስስ?»

ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ጥያቄ ይህ ነበር። «ሕመሙ እንደሚቀል ተስፋዬ ትልቅ ነው» አልኳት። «ስለ እግሩ ጉልበት ቃል አልገባልሽም፤ አላውቅም። ብንጠብቅ ግን ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል።»

«ይኸው፣» አለችኝ፣ «ስትፈልግ ትችላለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ገባን። የጣት ስፋት ያህል ቀዳዳ ነው የከፈትኩት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግድም። በዚያ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ጡንቻውን ሳንቆርጥ ወደ ጎን ገለል አድርገን በማይክሮስኮፕ እያየን ቁራጩን አወጣነው። የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ነርቩ ከሥሯ ተነሥቶ ሲተነፍስ አየሁት ብል የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን አይቻለሁ። እስከ መጨረሻው ስፌት በወጉ ሠራሁ። ከጨረስኩ በኋላ ግን የመታጠቢያውን ቧንቧ መክፈት አቅቶኝ ነርሷ ከፈተችልኝ።

ከማደንዘዣው ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቃሏን ለመስማት ጎንበስ አልኩ። «ጎብጠህ ነው የሠራኸው?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን ዞረች፤ በማግስቱ ቤቷ ገባች። የእግሯ ሕመም ያን ቀን ነው የጠፋው። እግሯ ግን ያው ነበር፤ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጋ እዚህ ያሉት ፊዚዮቴራፒስቶች ይመስክሩ። አራቱንም ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት፤ አራቱም ተፈራርቀው አከሟት፤ አራቱም እንደ እሷ ያለ ክፉ ሕመምተኛ ገጥሞን አያውቅም ይላሉ። አሥር ጊዜ አድርጊ ሲሏት ሠላሳ ታደርግና አሥር ነው ብላ ትዋሻለች። እረፊ ሲሏት መማሪያ መጽሐፍ አምጥታ ትከራከራለች። ግን ፓቮ እንደነገረኝ በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን ትኩር ብላ ታየው ነበር፤ ተነሥ እያለችው። ሰኔ አልፎ ሐምሌ፣ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ፤ ጣቱ ዝም። እኔ እየሄድኩ ቡና እጠጣለሁ፤ ስለ እግሩ አናወራም፤ ስለ ዓሣ እናወራለን። ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ብንቀድም ኖሮ እያልኩ ራሴን እበላለሁ።

በመስከረም አንድ ጠዋት፣ እንጆሪ ለቀማ ጫካ ገብቼ ባልዲዬ ግማሽ ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። «አውራ ጣቴ ተነሣ» አለችኝና ዘጋችው። ሌላ ቃል የለም። ጉቶ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ። ባልዲውን እዚያው ረስቼው ነው የወጣሁት፤ ድብ በልቶት ይሆናል።

እግሯ ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም። ሲደክማት ደረጃ ላይ ያዝ ያደርጋታል፤ ዛሬም ስትገባ አይቻታለሁ። ግን በጥር ወር ሥራዋን ጀመረች። ስትመለስ ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። ቀድሞ በሯን ገፍቶ ለሚገባ ሰው አትፍራ፣ ተነሥና ሂድ ነበር የምትለው። አሁን ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ፈርተሃል አይደል፣ እኔም ፈርቼ ነበር ትለዋለች። ሰውየው የሚለውን ሁሉ እስኪጨርስ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ነው፣ አይቀርለትም፣ የምታስነሣው።

ቱሊኪ፣ አሁን ቀልዱን ላቁምና ቀጥ ብዬ ልናገር። እጄ ቢላ መያዝን ከዶክተር ሬይኖ ተማረ። መሰብሰብን ግን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። በዚህ ከተማ ገበያ ላይ ሳልፍ ሰዎች አያለሁ፤ ድንች ይጭናሉ፣ የልጅ ልጅ ተሸክመዋል፣ ይደንሳሉ፤ ወገባቸው ላይ የእኔ ጠባሳ የለም። አያውቁኝም፤ ሰላምም አይሉኝም። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ግን ሁሉም ያውቁኝ ነበር። የቆረጥኳቸውንም ቢሆን ያለ ጭንቀት የቆረጥኳቸው አንቺ አይተሽ «አዎ፣ ይህ ያንተ ነው» ስላልሽኝ ነው። አመሰግንሻለሁ። ይህን ቃል በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንዳልኩሽ ለመቁጠር ሞክሬ አንድም ሳላገኝ ስቀር አፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሕመምተኛ ቀጠሮ አለው። ቱሊኪ የለችም ወይ ይሉኛል። የለችም፣ በሐይቁ ዳር ናት፣ ግን ያስተማረቻቸው አራት ሴቶችና አንድ ደንቆሮ ቀዶ ሐኪም አሉ እላቸዋለሁ። በግልጽ ነው የምነግራቸው።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ የምትነዱም የእንጆሪ ጭማቂያችሁን አንሡ። ቱሊኪ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በጋሽ ይርዘም፣ ክረምትሽ ይጠር። ሳውናሽ ይሙቅ፣ ዓሣው ወደ መረብሽ ይምጣ፣ ፓቮ አይሰልችሽ፣ አንቺም እሱን ብዙ አታስነሺው። የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ለእግርሽ ይለስልስ። ለቱሊኪ ጤና፣ ኪፒስ።

አትጠጡ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ እኔና አንቺ ተቃቅፈን አናውቅም። የእኛ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጀርባሽን ከፍቼ አይቻለሁ፣ አንገትሽን ግን አላቀፍኩም። አሁን ከጠጣን በኋላ በዚህ በኩል ዞሬ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ላቅፍሽ ነው። አስቀድሜ የምነግርሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።